ኮርቹ ጸደቀ

የንባብ ክፍል፦ ሉቃስ 15፥11-24፤ ሮሜ 3፥21-26

የጃማ ሜዳ ሰፊ ነው፤ አፈሩም ጥቁር። ክረምት ውሃ ይቋጥራል፤ በጋ ይሰነጣጠቃል። ስንዴው፣ ጤፉ፣ ባቄላው፣ ምስሩ፣ ጓያው ሁሉ ይሆንበታል። ዛፍ ግን ብዙ የለበትም። በመካነ ሰላም አካባቢ የቀረው የደንቆሮ ጫካ የዚህ ደጋ የጥንት ደን ምን ይመስል እንደነበር ያስታውሳል። ደጎሎና ዙሪያዋን ያየ ሰው ግን በየጓሮው የሚያገኘው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባውን ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፣ ይሸጣል፣ ቤት ይሠራበታል፣ ይነዳል። ስለዚህ ሰው ይወደዋል።

ሜዳው አልቆ ገደሉ ሲጀምር፣ በአጥር ዳርና በአሮጌ ድንበር ላይ፣ ሌላ ዓይነት ዛፍ አልፎ አልፎ ይታያል። ኮርች ነው። ዛሬ ስለዚህ ዛፍ ላጫውታችሁ እወዳለሁ። ከብዙ ስብከት ይልቅ ልቤን የነካው አንድ ጥያቄ የመጣብኝ በእርሱ በኩል ነውና።

ኮርች በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ውጭ በተፈጥሮ የማይበቅል ዛፍ ነው። የዕፅዋት ሊቃውንት «ኤሪትሪና ብሩሲ» ይሉታል። የመጀመሪያው ቃል በግሪክ ቀይ ማለት ነው፤ ስለ አበባው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የደረሰው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ስም ነው። ዛፉ እስከ 15 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ቅርንጫፉ እሾህ አለው። ቅጠሉ ሰፊ ሲሆን ሦስት ሦስት ሆኖ በአንድ ዘንግ ላይ ይወጣል። በጋ ሲገባ ብዙውን ጊዜ ቅጠሉን ያራግፋል፤ ያን ጊዜ የሞተ ይመስላል። ደግሞ በዚያው ራቁቱን በቆመበት ወቅት ከቅርንጫፉ ጫፍ ላይ እንደ ፍም የቀላ አበባ ያወጣል። አገሩ ሁሉ ደርቆ ቢጫ ሲሆን እርሱ ብቻውን ይበራል። ንብና ወፍ ይሰበሰቡበታል።

ዘመዶቹን ብታውቁ ትገረሙ ይሆናል። ኮርች የባቄላ፣ የሽምብራ፣ የምስርና የጓያ ወገን ነው። ይህ ቤተሰብ በዓለም ላይ ወደ 20,000 የሚጠጉ ዝርያዎች አሉት፤ ግራርም፣ ብርብራም፣ አተርም በውስጡ ናቸው። መለያቸው ፍሬያቸው ነው፤ ዘሩን በተርታ ይዞ የሚያድግ እሸት፣ በኋላም ሲደርቅ የሚከፈት ቅርፊት። ኮርችም ልክ እንደ ባቄላ ዘሩን በእንዲህ ያለ ቅርፊት ውስጥ ይይዛል። ነገር ግን አይበላም፤ መርዛማ ነው።

እንግዲህ ኮርች የተናቀበት ምክንያት ግልጽ ነው። እንጨቱ ለስላሳና ቀላል ነው። ምሰሶ ቢያደርጉት ቤት አይሸከምም። ምድጃ ውስጥ ቢጨምሩት እንደ ወይራና እንደ ግራር ፍም አይሰጥም። ፍሬው ለምግብ አይሆንም። ስለዚህ ከገደሉ አፋፍና ከአጥሩ ጥግ አልፎ ወደ ቤቱ የሚያስጠጋው ብዙም ሰው አላየሁም።

«ለምሰሶ አልሆን፣ ለማገዶ አልሆን»

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ገበሬ ነበሩ። በዚያ ጥቁር አፈር ላይ ክረምት ከበሬ ኋላ እየተራመዱ እኛን ልጆቻቸውን አሳድገዋል። አሁን ግን ዐይናቸው ደክሟል፣ ጉልበታቸውም እምቢ ብሏል። እርፍ ከጨበጡ ዓመታት አልፈዋል። እህል የሚያስገባው ሌላ፣ ከብት የሚያስገባው ሌላ፣ ለአባቴ ውሃ አቅርቦ እጃቸውን የሚያስታጥባቸውም ሌላ ነው።

ባለፈው በጋ አብሬያቸው በአጥሩ ዳር ተቀምጠን ሳለ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ እኔ አሁን ኮርች ነኝ። ለምሰሶ አልሆን፣ ለማገዶ አልሆን። የሰው እጅ ማየት ብቻ።»

ድምፃቸው ውስጥ ምሬት አልነበረም፤ ያ ነው የባሰ የከበደኝ። የተመዘኑና ውጤታቸውን የተቀበሉ ሰው ሆነው ነበር የተናገሩት።

እኔም ስለ ኮርች የማውቀውን ሁሉ ነገርኳቸው። «አባዬ፣ ኮርችን እኮ አላወቁትም» አልኩ። ባቄላ ከርሞበት የቆየ ማሳ በዓመቱ ስንዴ ሲዘራበት ለምን እንደሚያምር ከእኔ ይልቅ እርሳቸው ያውቁታል። ምክንያቱ ከመሬት በታች ነው። በባቄላው ሥር ላይ ትንንሽ እብጠቶች አሉ፤ በውስጣቸው በዐይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጂን ነው፤ ይሁን እንጂ ስንዴና ጤፍ በቀጥታ ከአየር ሊወስዱት አይችሉም። እነዚያ ባክቴሪያዎች ግን ከአየር ይዘው ለተክሉ ምግብ ያደርጉታል። ገበሬው ዛሬ በውድ ዋጋ በኩንታል የሚገዛው ዩሪያ ዋናው ነገሩ ይኸው ናይትሮጂን ነው። ኮርችም ከባቄላ ወገን እንደመሆኑ ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ ቅጠሉ ሲረግፍና ሲበሰብስ አፈሩን ያለማል። የአፈር ተመራማሪዎች በደቡብ ኢትዮጵያ የኮርችን ቅጠል በስንዴ ማሳ ላይ እንደ ማዳበሪያ ሞክረውታል። በጌዴኦ ምድርም ገበሬዎች ከቡናና ከእንሰት ጋር አዋህደው አሳድገውታል፤ ያ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

ይህን ሁሉ አወራሁላቸው። «አባዬ፣ እርስዎም እንዲሁ ነዎት፤ ሌሊት ተነሥተው የእያንዳንዳችንን ስም እየጠሩ ሲጸልዩ፣ ያ ከመሬት በታች ያለ ሥራ ነው» አልኳቸው።

በጸጥታ ሰሙኝ። ከዚያ ፈገግ አሉና ጠየቁኝ፦ «መልካም። ቅጠሉም ባይኖረው፣ አበባውም ባይኖረውስ? ነገ መጸለይም ቢያቅተኝ፣ ስማችሁንም ብረሳስ?»

ውድ አንባቢ፣ ይህ ጥያቄ የአባቴ ብቻ አይመስለኝም። ለደከመ ሰው ማጽናኛ ስንፈልግ ብዙ ጊዜ የምናደርገው ሌላ ጥቅም ፈልገን መለጠፍ ነው። «ማረስ ባትችል ትጸልያለህ፤ መቆም ባትችል ትመክራለህ» እንላለን። እውነት ነው፤ ጸሎትም ምክርም ትልቅ ነገር ነው። ግን ሚዛኑን አልለወጥነውም። አሁንም ሰውየው ሚዛን ላይ ነው፤ እኛ ያደረግነው በአንዱ በኩል ትንሽ ነገር መጨመር ብቻ ነው። ያቺም ትንሽ ነገር ከእጁ ስትወድቅ ምን ይቀራል?

የወርቅ ሚዛንና የእርያ ምግብ

ስለ ሚዛን ካነሣን፣ ኮርች በዚህም ነገር የራሱ ታሪክ አለው። ብሩስ ወደ አገሩ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው ባለ አምስት ቅጽ የጉዞ መጽሐፉ ውስጥ ይህን ዛፍ «ቋራ» በሚል ስም ሥሎ አቅርቦታል። ቀይ ሆኖ ጥቁር ነጥብ ያለበት ዘሩ ወርቅ በሚገኝባቸው አገሮች ለወርቅ መመዘኛ ያገለግል እንደነበር ጽፏል። የወርቅና የዕንቁ ነጋዴዎች «ካራት» የሚሉት ቃልም ከዚህ ከቋራ የመጣ ነው ብሎ ገምቷል።

ግምቱ አልያዘለትም። ካራት የሚለው ቃል በዐረብኛው «ቂራጥ» በኩል ከግሪኩ «ኬራቲዮን» የመጣ ነው። ትርጉሙ ትንሽ ቀንድ ማለት ሲሆን፣ ካሮብ የሚባለው የሜድትራኒያን ዛፍ ፍሬ ስም ነው። ካሮብም ቢሆን ከዚሁ ከባቄላና ከኮርች ቤተሰብ ነው። የጥንት ነጋዴዎች ዘሩን እንደ መመዘኛ ድንጋይ ይጠቀሙበት ነበር። ዘሮቹ እኩል ናቸው ተብሎ ይታመን ነበር፤ በኋላ ሲጠና ግን እንደ ሌላው ዘር ሁሉ ክብደታቸው እንደሚለያይ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1907 አገሮች ተስማምተው የዕንቁ ካራት 200 ሚሊግራም እንዲሆን የወሰኑት እንዲህ ያለው የካራት ልዩነት አስቸግሯቸው ነው።

አሁን መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ሉቃስ 15፥16 ላይ ክፈቱ። ገንዘቡን ጨርሶ በሩቅ አገር እርያ የሚጠብቀው ልጅ፣ እርያዎቹ ከሚበሉት ሊጠግብ ተመኝቶ የሚሰጠው ያጣው ነገር በአማርኛው «አሰር» ተብሏል። በግሪኩ ግን ቃሉ ያው ኬራቲዮን ነው። የእርያው ምግብና የወርቁ ሚዛን አንድ ስም ነበራቸው!

ይህን ሳስብ ልጁ በዚያ ቀን ያደረገው ነገር በሌላ መልኩ ታየኝ። በእጁ ዙሪያ የተበተነው ፍሬ ነጋዴው የሚመዝንበት ፍሬ ነው። እርሱም በዚያ መካከል ቁጭ ብሎ ራሱን መዘነ። ገንዘብ የለም፤ ስም የለም፤ ልጅ መባልም አይገባውም። «የቀረኝ ጉልበቴ ብቻ ነው፤ በእርሱ እንደ ቅጥር ሠራተኛ ልቆጠር» ብሎ ለአባቱ የሚናገረውን አዘጋጀ። ያም ዕቅድ የጥቅም ዕቅድ ነበር። ለምሰሶ ባልሆን ለማገዶ ልሁን እንደ ማለት ነው።

ቁጥር 19ንና ቁጥር 21ን አስተያዩ። ያዘጋጀው ንግግር ሦስት ክፍል ነበረው፦ በድያለሁ፣ ልጅህ ልባል አይገባኝም፣ እንደ ሠራተኛ ቁጠረኝ። አባቱ ፊት ሲቆም ግን ሦስተኛውን ክፍል አልተናገረውም። ሮጦ የመጣው፣ አንገቱን ያቀፈውና የሳመው አባት ወደ ባሪያዎቹ ዞሮ ልብስ፣ ቀለበትና ጫማ እንዲያመጡ አዘዘ። የበደሉን ኑዛዜ ሰማው። የሥራ ማመልከቻውን ግን አልተቀበለም። ምን ልትሠራልኝ ትችላለህ ብሎ አልጠየቀውም፤ ልጄ ብሎ ጠራው።

እንግዲህ የአባቴ ጥያቄ መልስ እዚህ አለ ብዬ አምናለሁ። ቅጠልም አበባም ባይኖርስ? ልጁ ወደ ቤቱ የተመለሰው ያለ ቅጠልና ያለ አበባ ነው።

የእግዚአብሔር ቃል ሚዛን የለም አይልም። ዳንኤል 5 ላይ ንጉሥ ብልጣሶር ተመዝኖ ቀልሎ ተገኝቷል። መዝሙር 62፥9 ደግሞ ታናሹንም ታላቁንም አንድ ላይ ሚዛን ላይ አውጥቶ ሁሉም ከእስትንፋስ የቀለሉ መሆናቸውን ይነግረናል። በእውነተኛው ሚዛን ላይ ገበሬውም፣ ሐኪሙም፣ ወንጌላዊውም፣ ዘማሪውም ቀላል ነን። ወንጌል የሚጀምረው ከዚህ ነው። ጌታችን ራሱ በሰው ሚዛን ላይ ወጣ፤ ማቴዎስ 26፥15 እንደሚለው ሠላሳ ብር ተመዘነበት። በዚያ በተናቀ ዋጋ የተሸጠው እርሱ፣ 1ኛ ጴጥሮስ 1፥18-19 እንደሚያስተምረን፣ በብርና በወርቅ ያይደለ በክቡር ደሙ ገዛን። ስለዚህ የአንድ ሰው ዋጋ ስንት ነው ተብለን ብንጠየቅ መልሱ ምን ይሠራል የሚለው ሳይሆን ምን ተከፈለበት የሚለው ነው።

ጸደቀ

ስለ ኮርች ያልነገርኳችሁ አንድ ነገር አለ፤ የአገራችን ገበሬ ግን ያውቀዋል። ኮርችን ለማብቀል የግድ ዘር አያስፈልግም። ወፈር ያለ ቅርንጫፉን ቆርጠው፣ ቅጠል ሳይኖረው፣ ሥር ሳይኖረው፣ እንዲሁ እንደ አጥር ችካል መሬት ውስጥ ይተክሉታል። ለተወሰነ ጊዜ ደረቅ እንጨት ይመስላል። ከዚያ አንድ ቀን ከቅርፊቱ ላይ ትንሽ ቡቃያ ታያላችሁ። ያን ጊዜ ገበሬው ምን ይላል? «ጸደቀ!» ይላል።

ይህ ቃል የቋንቋችን በረከት ነው። የተተከለ ችግኝ ሥር ሲሰድና ሲኖር ጸደቀ እንላለን። ኃጢአተኛ በክርስቶስ አምኖ በእግዚአብሔር ፊት ተቀባይነት ሲያገኝም ጸደቀ እንላለን። ሮሜ 3፥24 ስለ ጽድቅ ሲናገር እንዲያው በጸጋ፣ በክርስቶስ በሆነው ቤዛነት እንደሆነ ይነግረናል። ያ ችካል ምን አቀረበ? ሥሩን አቀረበ እንዳንል ሥር የለውም። ቅጠሉን አቀረበ እንዳንል ቅጠል የለውም። ተቆርጦ ነበር፤ የተከለው እጅ አለ፤ የተቀበለው መሬት አለ፤ ጸደቀ።

ምናልባት አንዳችሁ «ታዲያ ፍሬ አያስፈልግም ማለት ነው?» ትሉ ይሆናል። ያስፈልጋል እንጂ! የጸደቀ ኮርች ቅጠል ያወጣል፣ ያብባል፣ መሬቱን ያለማል። ኤፌሶን 2፥8-10ን ያነበበ ሰው ቅደም ተከተሉን ያያል፤ በጸጋ መዳን መጀመሪያ፣ ለመልካም ሥራ መፈጠራችንም ከእርሱ ጋር። ነገር ግን ያበበ ዛፍ ነው ብለው ቆርጠው የተከሉት ማንም የለም። የተተከለ ስለሆነ ነው ያበበው። ቅደም ተከተሉን ስንገለብጥ ጉልበት ያለው ይታበያል፤ ጉልበቱን ያጣ ደግሞ አባቴ እንዳሉት ራሱን ከማገዶ በታች ይቆጥራል።

ይህን ለአባቴ የነገርኳቸው ብዙ ቃል አብዝቼ አይደለም። «አባዬ፣ ስማችንን ቢረሱ፣ ስምዎን የማይረሳ አለ» አልኳቸው፤ ኢሳይያስ 49፥15-16ንም አነበብኩላቸው። ዐይናቸው አልበራም፤ ጉልበታቸውም አልተመለሰም። ግን በማግሥቱ ጠዋት፣ እጃቸውን ላስታጥባቸው ውሃ ይዤ ስቀርብ፣ ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት «አስቸገርኩህ» አላሉም። እጃቸውን ዘረጉና «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለው ታጠቡ። ለእኔ ያ ትልቅ ነገር ነው። ልጅ ውሃ ሲፈስስለት ሒሳብ አይሠራም።

በደጃችን ያሉት ኮርቾች

ወገኖቼ፣ በደቡብ ወሎ ከየቀበሌው ብዙ ወጣቶች ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ይሄዳሉ። አንዳንዱ ተሳክቶለት ቤት ይሠራል፣ ወንድም ያስተምራል። ሌላው ግን ታስሮ፣ ተጠርዞ፣ አንድ ፌስታል ይዞ ይመለሳል። እነዚህ ልጆች ከአባታቸው ኮብልለው ንብረት የበተኑ አይደሉም፤ ብዙዎቹ የሄዱት ቤተሰብ ለመርዳት ነው። ሲመለሱ ግን ያንኑ የሩቅ አገር ልጅ ንግግር በልባቸው አዘጋጅተው ነው። «ባዶ እጁን መጣ» የሚለውን ሹክሹክታ ከመንደሩ ሳይደርሱ ይሰሙታል። እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቢመጡም የሚቀመጡት ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ነው።

እነርሱን መጀመሪያ የምንጠይቃቸው ምንድን ነው? «ምን ይዘህ መጣህ?» ነው ወይስ «እንኳን መጣህ»? ለታመመችው እናት፣ ሥራ ላጣው ወንድም፣ መድረክ ላይ መውጣት ላቆመው አሮጌ አገልጋይ በምስጋናችንና በማዕዳችን ላይ ቦታ አለን? 1ኛ ቆሮንቶስ 12፥22 ደካሞች የሚመስሉት የአካል ክፍሎች የሚያስፈልጉ መሆናቸውን ይናገራል። ሐዋርያው እነርሱን በትዕግሥት ቻሏቸው ብቻ አላለም። ያለ እነርሱ አካሉ ሙሉ አይደለም። እነርሱን የገፋች ቤተ ክርስቲያን ቀስ በቀስ ወንጌሉን ትረሳለች፤ በጸጋ መኖር ምን እንደሚመስል የሚያሳያት ሰው ከመካከሏ ይጠፋልና።

አንተ ራስህ ይህን የምታነብ ወዳጄ፣ ገና ጌታን ያላወቅህ ብትሆን፣ ምናልባት «መጀመሪያ ሕይወቴን ላስተካክል፣ ከዚያ እመጣለሁ» እያልህ ይሆናል። ችካል ሥር አውጥቶ አይተከልም። እንዳለህ ና። በደልህን ለእርሱ ተናገር፤ ልትከፍለው ያሰብኸውን ግን ተወው። ያ አባት ከሩቅ ያያል፤ ይሮጣልም።

ለማሰላሰል

1. በዚህ ሳምንት ራሴን የመዘንኩት በምንድን ነው? በገቢዬ? በአገልግሎቴ? በጤናዬ?
2. በቤቴ ወይም በአጥቢያዬ «የማይጠቅም» ተብሎ ጥግ የተቀመጠ ማን ነው? ምንም ሳልጠይቀው ሄጄ ከእርሱ ጋር ማዕድ የምካፈልበት ቀን መቼ ነው?
3. በጸሎቴ ለአባቴ ለእግዚአብሔር እስካሁን የማቀርበው «የሥራ ማመልከቻ» ምንድን ነው?

ጸሎት

አባት ሆይ፣ ተመዝነን ቀልለን ሳለ በልጅህ ደም ስለገዛኸን እናመሰግንሃለን። ሥር ሳይኖረን ተክለኸናል፤ በክርስቶስም አጽድቀኸናል። ጉልበታቸው ለደከመ አባቶችና እናቶች፣ ባዶ እጃቸውን ለተመለሱ ልጆች፣ ጥቅማቸው አልቋል ለተባሉ ሁሉ ድምፅህን አሰማቸው። እኛንም ከሰው ሚዛን አውጣን፤ ወንድሞቻችንንም በዚያ ሚዛን ከመመዘን ጠብቀን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።